ቤቱን ወለድ አገድ ሰጥቼ ሰርቪስ ልሥራበት? (ዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር)

አስተማሪዋ ከማዶ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ ዓባይ ማዶ፣ ከጎንደር መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቤት አላት። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ማድ ቤትና የውስጥ ሽንት ቤት አለው። ካርታው በሷ ስም ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ቤቱን የሠራችው ከዚያ በኋላ ነው። ጉልበቷ ስላስቸገራት አሁን ደብረ ታቦር እህቴ ጋ ገብታለች። ቤቱን እንዳስተዳድርላት ውክልና ሰጥታኛለች። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከተማ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው።

ከቤቱ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። 3 በ4 የሆኑ አራት ሰርቪሶች ይወጡታል። አንድ ግንበኛ አይቶት በብሎኬት፣ ከነጋራ ሽንት ቤቱ፣ 600 ሺህ ብር ይፈጃል አለኝ። እኛ ያለን የዕቁብ 90 ሺህ ብር ነው።

አሁን ደላላ አንድ ሰው አመጣልን። ዋናውን ቤት ለሁለት ዓመት በወለድ አገድ ይዞ (ኪራይ ሳይከፍል ይዞት፣ እኛም ብሩን ያለ ወለድ በሁለት ዓመት መልሰን) 600 ሺህ ብር ሊሰጠን ፈቃደኛ ነው። ቤቱ በወር ቢከራይ 14 ሺህ ያወጣል ተብሏል። ሰርቪሶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 3,500። ባለቤቴ «ብር በነፃ መጣልን» ብሎ ደስ ብሎታል። እኔን ግን አንድ ነገር አልጥመኝ አለ፣ ምን እንደሆነ ግን በደንብ መናገር አልቻልኩም። ልቀበል ወይስ ይቅር? ደግሞስ ሰርቪስ ለተማሪ ነው ለሠራተኛ የሚከራየው? ውሉ ላይስ ምን ይጻፍ?

ደላላ አይደለሁም

እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ተቀበዪ! ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ተነስቶ መቶን ሲያልፍ አላየሽም? ብረቱም ቆርቆሮውም አብሮ ወጣ። ዛሬ በ600 ሺህ የሚሠራ ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ዋጋ አይሠራም። የምትመልሺው ግን ያው 600 ሺህ ነው። ብሩ እየቀለለ ሲሄድ ዕዳሽም አብሮ ይቀላል። ባዶ መሬት ታቅፎ መቀመጥ ነው ኪሳራ። ዓባይ ማዶ ደግሞ አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ሌላ ሰፈር ሆኗል። ባልሽ ልክ ነው።

ሂሳብ ሹሟ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ሠርቻለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙ ሳይርቅ ሰርቪስ አከራያለሁ። ደብተር የያዘ ሰው በወሬ አይደነግጥም፣ በወሬም አይደሰትም። እስቲ እስክሪብቶ አምጪ።

ቤቱ በወር 14 ሺህ ካወጣ በዓመት 168 ሺህ ነው። ሰውየው ሲገባ አንቺ የምትተዪው ይህን ገንዘብ ነው። 600 ሺህ ተበድሮ በዓመት 168 ሺህ መተው ማለት 28 በመቶ ወለድ መክፈል ነው። ባለቤትሽ «ነፃ» ያለው ይኸንን ነው። ወለዱ በእጅ ስለማይቆጠር አይታይም እንጂ ነፃስ አይደለም።

ቀጥዪ። ግንባታው አምስት ወር ይፍጅ። ክረምት ከገባበት ይረዝማል፣ ግን አምስት እንበል። ከሁለት ዓመቱ 19 ወር ይቀራል። አራቱም ክፍል አንድም ወር ባዶ ሳያድር በወር 14 ሺህ ቢያስገባልሽ ጠቅላላው 266 ሺህ ነው። ግብር አልነካሁም። ጥገና አልነካሁም። ሰውየው «ብሬን» ብሎ በር ሲያንኳኳ 334 ሺህ ይጎድልሻል። ከየት ታመጪዋለሽ? በመምህር ደመወዝ?

ሰዎች ይህን ጉድለት የሚሞሉት ሌላ ወለድ አገድ በማምጣት ነው። የኔ ጎረቤት እንደዚያ አደረገ። የመጀመሪያውን ሰው በሁለተኛው ብር ሸኘ፣ ሁለተኛውን በሦስተኛው። ዋጋ ሲወጣ ነገሩ ያምራል፤ እንዲያውም በየዙሩ ትንሽ ትርፍ ይተርፋል። አንድ ዓመት ላይ ግን ገበያው ቀዘቀዘና ተረካቢ ጠፋ። ቤቱን የያዘው ሰው ገንዘቡን ሳያገኝ አልወጣም አለ፤ በምን ይፈረድበታል? ጎረቤቴ በገዛ ቤቱ በር ላይ ሽማግሌ ይዞ ቆሞ ለመነ። በመጨረሻ ባጃጁን ሸጦ ተገላገለ።

«ደላላ አይደለሁም» ያልከው ልጄ፣ ብር ሲቀል ዕዳ ይቀላል ያልከው አባባል ግማሹ እውነት ነው። ዕዳ የሚቀለው ገቢም አብሮ ሲያድግ ነው። የአስተማሪ ደመወዝ ከዶላር ጋር አይሮጥም። ኪራዩም ቢሆን እንደ ድሮው በየሦስት ወሩ የሚጨመርበት ጊዜ አልፏል። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ (1320/2016) ጭማሪን በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ብቻ አድርጎታል። ታዲያ የሲሚንቶው ዋጋ እየሮጠ ያንቺ ገቢ በልጓም ከተያዘ ማን ነው የሚቀለው?

ወለድ አገድ ክፉ ነው አላልኩም። የሚመልስበትን ገንዘብ ምንጭ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ነው። ከውጭ ወንድሙ የሚልክለት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቁቡ የሚወጣለት፣ የሚሸጥ መኪና ያለው ሰው ይውሰድ። አንቺ ግን በጥያቄሽ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ «ከዚህ እመልሳለሁ» አላልሽም። ያልጣመሽ ነገር እሱ ይመስለኛል።

እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፣ እናንተ ለምትኖሩበት ቤት ስንት ትከፍላላችሁ? አልጻፍሽውም። ከ14 ሺህ የሚበልጥ ወይም የሚጠጋ ከሆነ ወደ እናትሽ ቤት ግቡ። ያ ኪራይ የናንተ ቁጠባ ይሆናል። ድሮ ማዶ የሚኖር ሰው ጠዋት ጠዋት በአሮጌው ድልድይ ላይ ተሰልፎ ነበር የሚውለው። አሁን ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ ድልድይ አለ። ትምህርት ቤት መድረስ እንደ ድሮው አይከብድም። ደግሞ ባለቤት ግቢ ውስጥ ሲኖር ግንበኛም ይፈራል፣ ሲሚንቶም ከግቢ አይወጣም።

የምትከፍሉት ከዚያ በጣም ካነሰ ደግሞ ዋናውን ቤት እንደማንኛውም ሰው በወር አከራዪው። በአንድ ዓመት ተመንፈቅ 252 ሺህ ያስገባል። ከዕቁቡ ጋር 342 ሺህ ነው። ግብሩ ሲነሳለት ለሽንት ቤቱ ጉድጓድና ለሁለት ክፍል የሚጠጋ ነገር ይተርፍሻል። ሁለት ክፍል ያለ ዕዳ ይሻላል፣ አራት ክፍል ከነተቆጣ ባለ ገንዘብ ከሚሆን። መሠረቱን ለአራት አስጥዪው፣ ግድግዳውን ለሁለት አቁሚ። የቀረው ይደርሳል።

ተማሪን በተመለከተ፣ የመደበኛ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው። እሱን ተማምነሽ ክፍል አትሥሪ። ውጭ የሚከራየው የግል ኮሌጅ ተማሪ፣ የማስተርስ ተማሪና አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። ማዶ ላይ ደግሞ ዘንዘልማ ግብርና ካምፓስ በዚያው በጎንደር መንገድ ስለሆነ እዚያ የሚሠሩ ወጣቶች ቤት ይፈልጋሉ። ደመወዝተኛ ወር ሲጠባ ይከፍላል። ተማሪ የሚከፍለው አባቱ በሬ ወይም ጤፍ ሲሸጥ ነው። እኔ ለሁለቱም አከራያለሁ፣ ግን ሁሉንም ክፍል ለተማሪ አልሰጥም፤ ሰኔ ላይ ግቢው ጭር ይልብኛል። ጥሪ የዘገየ ዓመት ደግሞ ጭር እንዳለ ጥቅምትም ያልፋል።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ፤ ቆጣሪ። በኔ ግቢ ከኪራይ ዋጋ ይልቅ ያጣላን መብራት ነው። የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው የሚሰላው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ከ500 ያለፈ ከፍተኛውን። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ስታስሪ የሁሉም ፍጆታ ይደመርና ግቢው በሙሉ ላይኛው ደረጃ ላይ ይወጣል። ለየብቻው ቢሆን ድሃ የሚባለው ተከራይሽ የፋብሪካ ያህል ይከፍላል። ከዚያ «የሷ ምጣድ ነው»፣ «የሱ ካውያ ነው» ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት አራት ኪሎ ዋት ይጎትታል። ሁለት ሴቶች ዓርብ ከሰዓት እኩል ከጣዱ መስመሩ ይሞቃል። ለሰርቪሶቹ ሌላ ቆጣሪ ከማመልከት አትስነፊ። እስኪመጣ ድረስ በየክፍሉ ትንሽ ንባብ ቆጣሪ አስገቢና ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ተከራዩ ባለበት አንብበሽ በስልክ ፎቶ አንሺው። ምጣዱን ደግሞ ለብቻው መስመር ጎትተሽለት አንድ የጋራ ቦታ ላይ አድርጊው። ተራ ያዙበት። እኔ ጋ ተራው በር ላይ በካርቶን ተጽፎ ተለጥፏል። ዓርብን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ማክሰኞን ማንም። ስለዚህ ዓርብ ይዞራል። ይህን ካርቶን ከለጠፍኩ ወዲህ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ስለ ግብር አጭር ነገር። የኪራይ ገቢ በግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ነው የሚመደበው። አዋጅ 979/2008 መዝገብ ለማይዝ አከራይ የኪራዩን ግማሽ በወጪነት ይቀንስ ነበር። በ2017 ማሻሻያ ስለወጣ የዘንድሮውን ሠንጠረዥ ገቢዎች ሄደሽ በእጅሽ ያዢ። ጎረቤትሽ የሚከፍለውን ሰምተሽ አትገምቺ።

ውል አርቃቂ

እትዬ ሂሳቡን ጨርሰውታል፤ እኔ ወረቀቱን ላንሳ።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ውክልናሽን አውጥተሽ አንብቢ። «እንዳስተዳድር» ይላል ወይስ ሌላም ነገር አለው? የማስተዳደር ውክልና ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበል፣ ለማሳደስ ያገለግላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወለድ አገድ ከኪራይ ይልቅ ወደ መያዣ ነው የሚጠጋው። ስለዚህ እናትሽ «ወለድ አገድ እንድትሰጥ» ብለው በግልጽ ካልጻፉልሽ አትፈርሚ። ሰውየውም ብልህ ከሆነ አይቀበልሽም። ያለ ልዩ ውክልና ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሰጥሽ ሰው ካለ ደግሞ ተጠራጠሪው።

እህትና ወንድም ካለሽም ዛሬውኑ ንገሪያቸው። እናታችሁ በሕይወት ስላሉ ፈቃጁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ነገር ግን በእናታችሁ ግቢ በስምሽ የሠራሽው ሰርቪስ ነገ በውርስ ጊዜ «የኔ ነው፣ የእማ ነው» የሚያስብል ነገር ነው። ስንት ብር እንዳወጣሽ፣ ኪራዩ ለማን እንደሆነ እናትሽ የፈረሙበት ወረቀት ይኑርሽ። ደረሰኞቹን አንድ ፌስታል ውስጥ አኑሪ።

ስለ ኪራይ ውል። አዋጅ 1320/2016 የሚለውን በአጭሩ፦ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን። «ስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ» የምትለዋ የደላላ ነገር እዚህ ላይ ትወድቃለች። ክፍለ ከተማሽ ያለውን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የውል ፎርሙን ጠይቂ፤ ደላላ ከሚሸጥልሽ ፎቶ ኮፒ ይሻላል። የመጀመሪያውን ዋጋ ደግሞ አስበሽ ጻፊ። «ለጊዜው በ2,500 ይግባ፣ በኋላ እጨምራለሁ» ብለሽ ብትጀምሪ በኋላ የምትጨምሪው ባንቺ ፍላጎት አይደለም።

ለሰርቪሶቹ የግንባታ ፈቃድም ያስፈልጋል። በሕንፃ አዋጁ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው የሕንፃ ሹም ነው። ብዙ ሰው «ሰርቪስ እኮ ነው» ብሎ በሌሊት ያቆማል። ሲፈርስ ግን በቀን ነው የሚፈርሰው።

ፎርማን ነኝ

ስለ 600 ሺሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ግንበኛው ሽንት ቤቱን ሲያሰላ ጉድጓዱን አይቶታል? ዓባይ ማዶ ስንቆፍር እኔ የማውቀው ነገር አለ። ቦታው ዝቅ ያለና ለወንዙም ለጣናም ቅርብ ስለሆነ ውሃው ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ መስከረም ላይ ውሃ ሞልቶት ታገኚዋለሽ። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ካለቀ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ዝቅ የሚለው ደግሞ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ። ስለዚህ የምትቆፍሪው በበጋ ነው፣ ጥልቀቱን የምትወስኚው ግን በመስከረም ውሃ ነው። የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ካለ «መስከረም ላይ ውሃው ከአፉ ስንት ክንድ ይወርዳል?» ብለሽ ጠይቂ። እሱ ነው ትክክለኛው መሐንዲስ።

ውሃው ቅርብ ከሆነ ጥልቅ አታስቆፍሪ። ጥልቀቱ ቀንሶ ሰፋ ያለ፣ ግድግዳውና ወለሉ በኮንክሪት የተዘጋ ይሁን። ክፍት ከተደረገ ከታች ውሃ እየገባ በክረምት በየወሩ ማስመጠጥ ነው። የአራት ቤተሰብ ጉድጓድ እየፈሰሰ ከጎረቤት ጉድጓድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም በላይ ነው።

ዋናው ግን ይኸ ነው፤ መጣጭ መኪናው የት ይቆማል? ሰርቪስ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ጉድጓዱም ከሰርቪሱ ኋላ፣ አጥር ሥር ይደረጋል፤ አይታይም ተብሎ። ከዚያ ሲሞላ መኪናው በር ላይ ይቆምና ቱቦው አይደርስም። የሰው ሳሎን በሚያህል መተላለፊያ ቱቦ ቀጥለው ሲጎትቱ አይቻለሁ፤ ዋጋውም እንደዚያው ይቀጠላል። ጉድጓዱን በጎን መተላለፊያው ላይ፣ ወደ በሩ አስጠግተሽ አድርጊው። ክዳኑን አትቅበሪው፣ እጀታ ያለው ክዳን ይኑረው።

የቀረውን ቶሎ ልበል። መሠረቱ ከግቢው ከፍ ይበል፤ እዚያ ሰፈር ሐምሌ ላይ ግቢ ውስጥ ውሃ ይቆማል። ጥቁሩ ድንጋይ ባሕር ዳር ሞልቷል፣ በመሠረት አትቆጥቢ። ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ስሱ እንደሆነ እወቂ፤ 35 ጌጅ ገዝተሽ የጣና ነፋስ አንስቶት ጎረቤት ግቢ እንዳትለቅሚው። 30 ይሁን፣ ከተቻለሽ 28። ኮርኒስ ሳይገባ አታከራዪ፣ መጋቢት ላይ ከቆርቆሮ ሥር ሰው አይቀመጥም። ሁለት መስኮት በተቃራኒ ግድግዳ ካላስቻለ ከጣሪያው ሥር አየር ማስገቢያ ይተው። መስኮት ሁሉ የወባ ወንፊት ይኑረው። ወንፊቱ የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ተከራይ ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው ግን እሱን ነው።

ተከራይ ነኝ

ከተከራይ አንድ ቃል ይሰማ። ነርስ ነኝ፣ ማታ ተረኛ እገባለሁ። ቤት ስለይ ዋጋው ሁለተኛ ነው። አንደኛው የበሩ ነገር ነው። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» የሚል አከራይ ጋ መኖር አልችልም። የራሴ የበር ቁልፍ ከተሰጠኝ 500 ብር ጨምሬም እገባለሁ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ጀሪካን መደርደር የሰለቸው ሰው ብዙ ነው። ሮቶ ያለው ግቢ ባዶ አያድርም። ሮቶውን ደግሞ ቁልፍ አትቆልፉበት እባካችሁ! አሁን ያለሁበት ግቢ አከራያችን ሮቶውን በሰንሰለት አስራ ጠዋትና ማታ ትከፍተዋለች። ሰው እንግዳ ሲመጣበትም «ስንት ቀን ነው የሚቆዩት?» ትላለች። በቅርቡ ሁለት ክፍል ተለቀቀባት። ደላላውን ትወቅሳለች።

ሦስተኛ፣ ለአራት ክፍል አንድ ሽንት ቤት አይበቃም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ሥራ አለን።

ደላላ አይደለሁም

እሺ እትዬ፣ ሂሳቡን አየሁት። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በዕዳም ቢሆን የተሠራ ቤት በእጅ ይቀራል እኮ። ንብረቱን አልቆጠሩትም።

ሂሳብ ሹሟ

ቆጥሬዋለሁ። ንብረቱ ያለው በእናቷ ካርታ ላይ ነው፤ ነቅላ ሸጣ ዕዳ አትከፍልበትም። ሰርቪስ ከኋላ ተነጥሎ አይሸጥም። ቤቱ በሙሉ ይሸጥ ካልተባለ በስተቀር ያ ንብረት በዕዳው ቀን አንድ ሳንቲም አይሆናትም። የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ለምን ተሠራ?

አስተማሪዋ ከማዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ስናነበው ቆየን። እትዬ፣ የኛ ኪራይ 11 ሺህ ነው። እሱን ሳልጽፍ የቀረሁት ከጥያቄው ጋር ይገናኛል ብዬ ስላላሰብኩ ነበር። 28 በመቶ የሚለው ላይ ባለቤቴ ካልኩሌተር አውጥቶ ደግሞ ደጋግሞ መታው። ከዚያ ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት ደላላውን «ለጊዜው ይቅር» ብሎታል። ደላላውም ተቀይሞ «ሰው ይሻማበታል፣ ትፀፀታላችሁ» ብሏል።

ውክልናውን አየሁት፤ «ለማስተዳደርና ለማከራየት» ብቻ ነው የሚለው።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። የምንከፍለው 11 ሺህ፣ ቤቱ የሚያስገባው 14 ሺህ ከሆነ ብንገባበት አይጎዳንም ወይ? እና ፎርማን፣ የጎን መተላለፊያችን ጠባብ ነው፤ አንድ ባጃጅ ብቻ ያሳልፋል። ጉድጓዱ እዚያ ይሁን ካልክ ሰው በምን ያልፋል?

ሂሳብ ሹሟ

14 ሺሁ ንጹሕ አይደለም። ግብር አለው፣ ቀለም አለው፣ ተከራይ ሲቀያየር ባዶ የሚያድርበት ወር አለው። የናንተ 11 ሺህ ግን ምንም ሳይቀነስለት በየወሩ ከእጃችሁ ይወጣል። ሁለቱ ሲተያዩ እኩል ለእኩል ናቸው፣ ምናልባትም ለናንተ ያደላል። ግንባታው እስኪያልቅ ግቡበት። ሰርቪሶቹ ሲሞሉ ዋናውን ቤት ታከራዩና ወደ ከተማ ትመለሳላችሁ፣ ከፈለጋችሁ። ልጆቹ ጣና ዳር ማደግ ከለመዱ ግን እንጃ።

ለእናትሽም ከኪራዩ በየወሩ የምትቆርጪላትን ልክ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ቤቱ የሷ ነው። እህትሽ ጋ እንግዳ ሆና ከምትኖር በራሷ ገንዘብ ብትኖር ደስ ይላታል።

ፎርማን ነኝ

መተላለፊያው ላይ ጉድጓድ ማድረግ መንገድ አይዘጋም፤ ከላይ ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ይመታበታል፣ ሰው በላዩ ይሄዳል። ባጃጅ ወይም መኪና በላዩ የሚገባ ከሆነ ግን ለግንበኛው ከአሁኑ ንገሪው፣ ብረቱ ይለያል። ከዋናው ቤት መሠረት ራቅ ብሎ ይቆፈር፣ ግድግዳ ሥር አታስገቢው። ከውጭ በሩ እስከ ጉድጓዱ ክዳን ያለውን ርቀት በሜትር ለኪና ለሚመጡት ባለ መኪኖች ደውለሽ «ቱቧችሁ ይደርሳል?» በያቸው። ከመቆፈርሽ በፊት ይሁን። ሽንት ቤቱም ተከራይዋ እንዳለችው ሁለት ይሁን፤ አንድ ጉድጓድ ለሁለቱም ይበቃል። ሁለተኛው የሚጨምርብሽ ግድግዳ፣ መቀመጫና በር ብቻ ነው።

ልኩን ስታገኚ እዚሁ ጻፊው፤ የብሎኬቱን ብዛት አወጣልሻለሁ።